በሹክሹክታ

ጥቅምት 4

ለድምቡሼ፣ ለወንድሜ፤

ሰላምታዬ ከፖስተኛው ቀድሞ ደጃችሁ ይድረስ። አንተም፣ ሙሽሪትም፣ በሆዷ ያለው እንግዳም እንዴት ናችሁ? ሚስትህን ዛሬም ሙሽሪት ማለቴን አልተውኩም ብለህ እንዳትስቅ። ልጅ ብታቅፍም ለእኔ ሙሽሪት ናት።

ስልክ የማላነሳው ተቀይሜህ አይደለም። ምን አድርገኸኝ እቀየምሃለሁ? ስልኬ እንደ ባለቤቱ አርጅቷል፤ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ አይሰማም። ደግሞስ እስከ ዛሬ በስልክ ያወራነው ሁሉ የት አለ? ነፋስ ወሰደው። ደብዳቤ ግን ትራስ ሥር ይቀመጣል። አንተም ከዚያ ክሬንህ ላይ ስትወርድ እጅህን ታጥበህ፣ ቁጭ ብለህ ለእህትህ ሁለት መስመር ብትጽፍ ጣትህ አይቆረጥም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል። እንቅርቱ ወጥቷል፤ አንገቴ ላይ የቀረው መስመር ቀጭን ነው፣ እኔ ራሴ ብሰፋው ከዚህ አላሳምረውም ነበር። መጋረጃ ቤቱም ተመልሻለሁ። የአንድ ትልቅ አዳራሽ መጋረጃ ይዘናል፤ ገበሩ ከላዩ ጨርቅ ጋር አልስማማ ብሎ እየፈታሁ እሰፋዋለሁ፣ እየሰፋሁ እፈታዋለሁ።

ስለ መዘምራኑ ለጠየቅከው፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሃል። እኔ ለጊዜው አረፍ ብያለሁ። ሐኪሙ አትድከሚ ብሎኛል።

ሙሽሪት ከባድ ነገር እንዳታነሳ አደራ። አንተም እዚያ ከፍታ ላይ ሆነህ ሐሳብህን አትበትን።

እህትህ


ጥቅምት 23

ለእታለም፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅ ነኝና ስትዋሺ የፊደልሽ ጅራት እንደሚረዝም አውቃለሁ። ይህኛው ደብዳቤ ጅራት በጅራት ነው።

ስለዚህ መጋረጃ ቤቱ ደወልኩ። አለቃሽ አነሱት። "እህቴን ያገናኙኝ" ስላቸው "ልጄ፣ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ግን ድምፅ የላትም እኮ። አልነገረችህም እንዴ?" አሉኝ። ከድምፃቸው ጀርባ የስፌት መኪናሽ ይሰማኝ ነበር። ቀጥ አለ። ከዚያ እንደገና ጀመረ።

አልተቀየምኩሽም። እሺ፣ ተቀይሜሻለሁ። ከአንቺ በላይ የተቀየምኩት ግን ሌላ ነው፤ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እናታችን የሞተች ጊዜ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አልወጣም ያልኩት ትዝ ይልሻል? ሰው ሁሉ መጥቶ ለመነኝ። አንቺ አልለመንሽኝም፣ አልተቆጣሽኝም። በሩ ሥር ቁጭ ብለሽ ዘመርሽ ብቻ። ያን ድምፅ ተከትዬ ነው የወጣሁት። ዛሬም ገና እየወጣሁ ያለሁ ይመስለኛል።

ትምህርትሽን ያቆምሽው ለእኔ ነው። ያላገባሽውም ለእኔ ነው፤ አይደለም አትበይኝ። የራሴ የምትዪው አንድ ድምፅሽ ነበር፤ እርሱንም ለእግዚአብሔር ሰጠሽው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ አንገት መካከል የአንቺን መረጠ? እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። በሚቀጥለውም አልሄድም። ሙሽሪት ብቻዋን ሄዳ መጣች፤ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ይህ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል።

አሁን ጅራት የሌለው ደብዳቤ ጻፊልኝ። ይመለሳል ወይስ አይመለስም?

ድምቡሼ


ኅዳር 12

ወንድምዬ፤

አይመለስም።

ከዚህ የጀመርኩት ጨክኜ አይደለም፤ ሌላ ሌላውን ላስቀድም እያልኩ ስንት ወረቀት ቀደድኩ መሰለህ። ይቅር በለኝ። ልጅ እየጠበቃችሁ ነው፣ ሐሳብ አልጨምርባቸው ብዬ ነበር።

እንቅርቱ የድምፄ ነርቭ ላይ እንደ ሐረግ ተጠምጥሞ ነበር። ማንም አላጠፋም። ባያወጡት ትንፋሼን ይዘጋው ነበር። ስነቃ ነርሷን "ውሃ" ልላት አፌን ከፈትኩ፤ በበር ሥር እንደሚገባ ነፋስ ያለ ነገር ወጣ። የደከመኝ መስሎኝ ነበር። ነገ ይሻለኛል አልኩ። ነገም ያው ነፋስ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ እንደ ልማዴ ከመዘምራኑ ጋር መድረኩ ላይ ቆምኩ። አፌን ከእነርሱ ጋር ባንቀሳቅስ ማን ያውቅብኛል ብዬ። መዝሙሩ ሳይጋመስ እንባዬ ቀደመኝ። ወርጄ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እስካሁንም እዚያው ነኝ። መጋቢያችን መጥተው "እግዚአብሔር ዓላማ አለው" አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ያንኑ ወንበር ብወረውርባቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አንተ የጠየቅከውን እኔም ጠይቄዋለሁ። በሹክሹክታ። አልመለሰልኝም። ነገር ግን ጥያቄዬን ይዤ የምቀመጠው እርሱ ቤት ነው፤ ከእርሱ ተጣልቼ የማን ቤት እሄዳለሁ? አንተም በእኔ ስም አታኩርፍ። ኩርፊያ ካማረህ የራስህን ምክንያት ፈልግ፤ የእኔን ለእኔ ተውልኝ።

ደግሞም ሁሉ ነገር ለቅሶ አይደለም። መጋረጃ ቤት ስለ ጨርቅ ሳንሾካሹክ ደንበኞቹም አብረውኝ ያንሾካሹካሉ። ትናንት አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብላ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ "አረንጓዴው በሜትር ስንት ነው?" አለችኝ በጆሮዬ። አለቃዬ ጨርቅ የሰረቅን መስሏቸው ብቅ አሉ።

እህትህ


ጥር 9

ለድምቡሼ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አለቃዬ እንግዲህ አፋቸው አላርፍ አለ ማለት ነው! አዎ፣ ቀደም ብዬ ከሥራ እወጣለሁ። አይ፣ ባል አላገኘሁም፤ ሙሽሪት በከንቱ እንዳትደሰት። የምሄደው ሆስፒታል ነው። አትደንግጥ፣ ለራሴ አይደለም።

ቁስሌን ለማሳየት የሄድኩ ቀን ነው የተጀመረው። የጉሮሮ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ የሆነችው ሲስተር ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዘችኝና "እባክሽ አንድ ሰው አናግሪልኝ" አለችኝ። "በምን ድምፄ?" አልኳት። "ለዚሁ ነው የፈለግኩሽ" አለችኝ።

ሰውዬው የአውቶቡስ መናኸሪያ ተጣሪ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥሎ የከተማ ስም ሲጣራ የኖረ። ጥሩምባ ነው የሚሉት፤ ሌላ ስም እንዳለው ሚስቱም የረሳች ይመስለኛል። ማንቁርቱ ላይ ካንሰር ወጥቶበታል። ማንቁርቱ ከወጣ የመዳን ተስፋ አለው፤ ካልወጣ የለውም። እርሱ ደግሞ "አትነኩኝም" ብሏል።

ገብቼ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ድምፁ ሻክሯል፤ ያም ሆኖ ክፍሉን ይሞላል።

"አንቺ ደግሞ ማነሽ? ልትጸልዪልኝ ከሆነ ተራሽን ጠብቂ፣ የቀደሙሽ አሉ" አለኝ።

"መጋረጃ ሰፊ ነኝ።"

"ምን?"

ጠጋ አልኩት። "መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ዘማሪም ነበርኩ።"

አንገቴ ላይ ያለውን መስመር አየ። ዓይኑን አላነሳም። "በላው?"

"በላው።"

"ታዲያ እንዴት ትኖሪያለሽ?"

"እንዲህ እያንሾካሾክሁ። ሲያቅተኝ እጽፋለሁ።"

ያኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "አየሽ፣ አንቺስ ትጽፊያለሽ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሚስቴ እንኳ ማንበብ ታውቃለች፤ እኔ ግን ያለኝ አፌ ነው። እርሱን ከቆረጡት ውሃ ጠማኝ የምላት በምንድን ነው? ዝም ብዬ ልያት? ከነድምፄ ቅበሩኝ።"

ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ አፍሮ። ለእኔ የነገረኝ እኔም የጎደለኝ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

"ፊደል እኔ አስቆጥርሃለሁ" አልኩት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። አልሰማኝ እንደሆነ ብዬ ልድገመው ስል "መቼ?" አለኝ።

ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንት በላይ መጠበቅ አይቻልም ብለዋል። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ እርሱ ነው። ከ"ሀ" አልጀመርንም። ከከተማ ስሞች ጀመርን። "በድምፅ አውቃቸዋለሁ፣ አሁን መልካቸውን አሳዪኝ" አለኝ። አንዱን ስም ጽፌ ባሳየሁት ጊዜ ትክ ብሎ አየውና "ይህቺ ናት? እኔኮ ትልቅ ትመስለኝ ነበር" አለ።

"መጋቢው ልክ ነበሩ ማለት ነው?" ለምትለኝ፣ እንጃ። እኔ የማውቀው ጠዋት ስነሳ ከራሴ ጉሮሮ ሌላ የማስበው ነገር ማግኘቴን ነው። ይህ ጸጋ ካልሆነ ስሙን አላውቀውም።

ሙሽሪትን ራሷን ያማታል ያልከው ግን አላስደሰተኝም። "እርግዝና ነው" ብላችሁ አትተዉት፤ ሐኪም ይያት።

እህትህ


የካቲት 14

እታለም፤

ሰላምታ አላበዛም። ሙሽሪት ወልዳለች። ያለጊዜው ነው። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ሆስፒታል ከተኛች ቆይታ ነበር፤ አንቺ ራስሽ ሳታገግሚ አላሳስብሽም ብዬ ደበቅኩሽ። መደበቅን ከማን እንደተማርኩ ታውቂያለሽ።

ሴት ናት። መዳፌ ላይ ትተኛለች፣ ያውም ቦታ ተርፏት። ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ናት፤ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገብቷል። ሙሽሪትም ገና ከአልጋ አልተነሳችም፤ "ልጄ ምን ትመስላለች?" ትለኛለች፣ እኔም "አንቺን" እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ማንንም አትመስልም። ሐኪሞቹ "እንጠብቅ" ከማለት ሌላ ቃል የላቸውም።

ወደብ ላይ ቤት የሚያህል ኮንቴነር አንስቼ መርከብ ላይ ሳስቀምጥ አንድም ቀን እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። እዚህ በሳጥኑ መስኮት አንድ ጣትህን አስገባ፣ ንካት አሉኝ። አልቻልኩም።

ልጸልይ ብዬ ተንበረከክሁ። ምንም አልመጣልኝም። አኩርፌው ቆይቼ ሲቸግረኝ መምጣቴ አሳፈረኝ፤ ምን ብዬ ልጀምር? አንቺ ለምኚልኝ፣ አንቺን ይሰማሻል። ወይም ንገሪኝ፤ ድምፅሽ ከሄደ ወዲህ እንዴት ነው የምትጸልዪው?

ድምቡሼ


የካቲት 19

ወንድምዬ፣ የእኔ ጌታ፤

እየመጣሁ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጥሩምባ ወዳጅ የሆነ ሾፌር ነው፤ እኔ በማግስቱ እደርሳለሁ። አለቃዬ "ሂጂ፣ መጋረጃው የትም አይሄድም" ብለውኛል።

እንዴት እንደምጸልይ ለጠየቅከኝ፦ መጀመሪያ ላይ ቃል ስፈልግ እደክም ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ እተነፍሳለሁ። እስከ ዛሬ ለእርሱ ብዙ ዘምሬለታለሁ፤ አብሬው ዝም ብዬ መቀመጥ ግን አላውቅበትም ነበር። ልጅ ሲያለቅስ እናት "መጀመሪያ አረፍተ ነገሩን አስተካክል" ትላለች እንዴ? አፈርኩ ካልክ ኀፍረትህን ይዘህ ቅረብ። ለነገሩ ሰው የሚያኮርፈው የሚወደውን ነው፤ መንገደኛን ማን ያኮርፋል? እርሱም ይህን ያውቃል።

ጥሩምባ ቀዶ ጥገናው ተደረገለት። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ልጠይቀው ገባሁ። አንገቱ ተሸፍኗል፤ ሚስቱ ግርጌው ተቀምጣ እግሩን ታሻለች። ስለ ልጃችን በጆሮው ነገርኩት። "ግን አንተን ገና ፊደሉን ሳትጨርስ እንዴት ትቼህ ልሂድ?" አልኩት። የሰጠሁትን ትንሽ ሰሌዳ ወደ ራሱ ሳበ። የአውቶቡስ ታፔላ በሚያክል ፊደል "ሂጂ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ አሰብ አደረገና ጨመረበት፦ "የጠዋቱን። ከኋላ አትቀመጪ።"

"አትቀመጪ" የሚለውን ቃል እኔ አላስተማርኩትም። ከየት አመጣው?

ለሙሽሪት ግንባሯን ሳምልኝ። አንተ ደግሞ እኔን አትጠብቅ። ጣትህን በመስኮቱ አስገባ።

እህትህ


ሚያዝያ 16

ለእታለም፤

ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ሰፋብን። ሙሽሪት ሻይ ልትቀዳ ሦስት ብርጭቆ ታወጣና አንዱን መልሳ ታስቀምጣለች።

ልጅቱ ትናንት ቤቷ ገባች! ቱቦ የለም፣ ሳጥን የለም። ጉንጭ መሳይ ነገርም ማብቀል ጀምራለች፤ ሙሽሪት "የድምቡሼ ልጅ መሆኗ አሁን ታወቀ" ትላለች። ሳስነጥስ ትደነግጣለች፤ ሙሽሪት በቤቴ ውስጥ ማስነጠስ ከልክላኛለች።

ያቺ የሕፃናቱ ነርስ ሰላም ትልሻለች። እኛ ክፍሉ ውስጥ ስናወራ ልጅቱ ትንፈራፈር ነበር፤ አንቺ በመስኮቱ ተጠግተሽ ስታንሾካሹኪላት ግን ትንፋሿ ይረጋ ነበር። "ለእነዚህ ልጆች ልካቸው እንዲህ ያለ ድምፅ ነው፤ እኛ አስተምረን ያቃተንን አንቺ ከየት አመጣሽው?" ብላሽ ነበር። አንቺ ፊትሽን አዙረሽ ወጣሽ። ልከተልሽ ፈልጌ ነበር። ሙሽሪት "ተዋት" አለችኝ። መተዌ ጥሩ እንደነበር ስትመለሺ ከፊትሽ ገባኝ።

ስለ እኔ መጠየቅሽ አይቀርም፣ ልንገርሽ። መብረቅ አልወረደም። ሥራ የተመለስኩ ቀን ክሬኑ ላይ ወጣሁ፣ ወንበሬን አስተካከልኩ። ከሥሬ ባሕሩ፣ መርከቡ፣ ጉንዳን የሚያካክሉ ሰዎች። ሞተሩን ሳላስነሳ "አመሰግናለሁ" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ፤ ጮክ ብሎ። ከታች ያለው ባልደረባዬ በሬዲዮ "ምን አልክ?" አለኝ። "አንተን አይደለም" አልኩት። "እሺ፣ ስትጨርሱ ያቺን ቀይዋን ኮንቴነር አንሳልኝ" አለ።

የፊታችን እሑድ ሦስታችንም እንሄዳለን። ሙሽሪት አሁንም ምንም አላለችም፤ ነጩ ሸሚዜ ግን ተተኩሶ ተሰቅሎ አገኘሁት።

እዚህ ሳለሽ ልጠይቅሽ ፈልጌ አፌ ያልታዘዘልኝ አንድ ነገር አለ። በትንሿ ወረቀት ለብቻ ጽፌዋለሁ። ካስከፋሽ ቅደጃት፤ እንዳልጠየቅኩሽ እቆጥረዋለሁ።

ድምቡሼ


ግንቦት 20

ለድምቡሼ፣ የልጅ አባት፤

ትንሿን ወረቀት አልቀደድኳትም። ብዙ ቀን ይዣት ዞርኩ፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት።

መልሱ አዎ ነው። እግዚአብሔር "ድምፅሽን ልመልስልሽ?" ቢለኝ ዛሬ፣ አሁን፣ መርፌውን ከጨርቁ ሳልነቅል እቀበለዋለሁ። በእግዚአብሔር ስም አልዋሽም። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ አፌን ከፍቼ እሞክረዋለሁ፤ ይህን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። ያጣሁት ትንሽ ነገር አይደለም፤ እርሱም ትንሽ ነው አላለኝም።

ግን ድምፄ ቢኖር ኖሮ ሲስተሯ ኮሪደሩ ላይ እጄን አትይዘኝም ነበር። ጥሩምባም እንዳለው ከነድምፁ ይቀበር ነበር። "ከሁለቱ አንዱን ምረጪ" ብሎ እኔን ስላልጠየቀኝ አመሰግነዋለሁ። ብመርጥ ምን እመርጥ እንደነበር ራሴን አላምነውም። ጸጋ ማለት ምናልባት ይህ ነው፤ ልንመርጠው የማንችለውን መልካም ነገር ሳያስመርጠን ማምጣቱ። ለእኔ እስካሁን የገባኝ ይህን ያህል ነው። ሌላው ሲገባኝ እጽፍልሃለሁ።

ሥራው በዝቷል። አሁን ጥሩምባ ብቻ አይደለም። ሲስተሯ ከቀዶ ጥገና በፊትም በኋላም ሰው ባገኘች ቁጥር ትልክብኛለች። ከመድኃኒት ክፍሉ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጥታናለች፤ መጋረጃዋን እኔ ሰፋሁላት። ባለፈው ሳምንት አንዲት አስተማሪ መጣች፤ ልጆቼን ምን ብዬ ልጥራ እያለች አለቀሰች። አላጽናናኋትም። መጀመሪያ አብሬያት አለቀስኩ፤ ከዚያ ያለ ድምፅ ሰው እንዴት እንደሚጠራ ጥሩምባ አሳያት፤ ጣቶቹን አንዴ ቢያጮኽ ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ ያየዋል።

ለሚስቱ መጀመሪያ የጻፈላትን ደብዳቤ ገምት ብልህ አታውቀውም። እኔ የፍቅር ቃል ጠብቄ ነበር፤ እሷም ሳትጠብቅ አልቀረችም። "ሻይው ስኳር የለውም" ይላል። ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። "ዕድሜ ልኩን ሲጮህብኝ የኖረውን ነገር ነው የጻፈው፤ በጽሑፍ ግን እንዴት ያምራል!" አለችኝ። ከዚያ ስኳር ልታመጣ ሄደች።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መጣ። እኔ አልጠራሁትም፤ አንድም ቀን ና ብዬው አላውቅም። አንገቱን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ሚስቱን አስከትሎ ገባና ከእኔ ጎን ተቀመጠ። መዘምራኑ ቆመው ጀመሩ። የእኔም ጉሮሮ እንደ ልማዱ ተነሣና የሚሄድበት አጣ። አንገቴን ደፋሁ። ይህ ሰዓት አሁንም ይከብደኛል።

ጥሩምባ ክንዴን ነካ አደረገኝ። ሰሌዳው ጉልበቱ ላይ ነው። "እኔ ብሆን ከዚህ በላይ እጮህ ነበር" ይላል።

ሳቄ መጣ። እኔ ስስቅ እርሱም ሳቀ። ድምፅ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ሲስቁ አይተህ አታውቅም፤ ምንም አይሰማም፣ ወንበሩ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከፊታችን ያሉት ዞረው አዩን። የምናለቅስ መስሏቸው አንዲት እናት መሐረባቸውን አቀበሉኝ፤ ያን ጊዜ ይባስ ብሎ አስቆን ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። መጋቢያችን ከመድረኩ ሆነው ወደ እኛ አዩ፤ ገባቸው መሰለኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግታቸውን ደበቁ።

መዝሙሩ አልቆ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ እኛ ገና አላቆምንም ነበር።

እህትህ